አኩፕሬሸር ዘና አደረገኝ፣ ማብራሪያው ግን አልዋጥልኝ አለ

ትከሻዬ_ድንጋይ

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ረዘም ያለ ጥያቄ ነው፣ ታገሱኝ።

ሥራዬ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አቀርቅሮ መዋል ነው። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ሲል ትከሻዬ ድንጋይ ይሆናል፣ ከዚያ ማጅራቴ ይከተላል፣ ከዚያ ከጆሮዬ ጀርባ ተነስቶ ቀስ እያለ ቅንድቤ ድረስ የሚመጣ ራስ ምታት አለ። ማታ ደግሞ ሰውነቴ ድክም ብሎ ጭንቅላቴ አልተኛም ይላል። ተመርምሬአለሁ። ከደም ግፊት በቀር ሌላ ነገር አልተገኘብኝም፣ ለእሱም ክኒን እወስዳለሁ። "ስትረስ ነው፣ እረፍት አድርግ" ተባልኩ። እረፍት እንዴት እንደሚደረግ ግን የነገረኝ የለም።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ አኩፕሬሸር የሚሠራ ሰው ጋ ካልሄድክ ብላ ወጥራ ያዘችኝ። ሄድኩ። እኔ ማሳጅ መስሎኝ ነበር፣ አይደለም። ልብስ አይወልቅም፣ ዘይት የለም፣ መርፌም የለም። ጣት ብቻ። አንገትና ትከሻ መሃል ያለችውን ጉብ ያለች ጡንቻ በአውራ ጣቱ ሲጫናት ጮህኩ፣ ግን "ተው" ለማለት አፌ አልታዘዘልኝም፣ እያመመ የሚጥም ነገር ነው። ከዚያ ክንዴን፣ ከዚያ እግሬን። መጨረሻ ላይ ሁለቱ ቅንድቦቼ መሃል አንዲት ጣቱን አሳርፎ ዝም አለ። ቀን ተኝቼ የማላውቀው ሰውዬ እዚያው አሸለብኩ። የነቃሁት በገዛ ማንኮራፋቴ ነው።

ያን ቀን ማታ ተኛሁ። እስከ ጠዋት! ስለዚህ "ይሠራል ወይ" ብዬ አልጠይቅም፣ በራሴ አይቼዋለሁ።

ችግሩ የመጣው ሰውዬው ማስረዳት ሲጀምር ነው። ጉበትህ ላይ ጉልበት ተዘግቷል አለኝ። ንዴት ስለምታምቅ ነው አለኝ። በሳምንት 3 ጊዜ ለ2 ወር ካልመጣህ መዘጋቱ ወደ ሌላ አካልህ ይዞራል አለኝ። የደም ግፊት ክኒን እንደምወስድ ስነግረው ደግሞ "እሱን ቀስ እያልን እናስቆመዋለን" አለ፣ እንደ ቀላል ነገር። ጉበቴ ተመርምሮ ደህና ነው። ታዲያ እጁን ልመን ወይስ አፉን? ደግሞስ ይሄን ነገር እቤቴ ራሴው ላደርገው አልችልም?


ጣት_ብቻ

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ክኒንህን እንዳትነካ። እኔ ይህንኑ ሥራ ለዓመታት የሠራሁ ሰው ነኝ። የተማርኩት ሺያትሱ የሚባለውን የጃፓኖቹን ስልት ነው፣ "ሺ" ጣት፣ "አትሱ" ጫና ማለት ነው። የማንንም መድኃኒት አስቁሜ አላውቅም። እንዲህ የሚል ባለሙያ ካጋጠመህ ጣቱ ወርቅ ቢሆን እንኳ ተነስተህ ውጣ። "ካልመጣህ ይዞርብሃል" የምትለዋም ያው ናት፣ ደንበኛ ማሰሪያ ገመድ ናት። ሰው ሰውነቱ ስለቀለለው ይመለሳል እንጂ ስለፈራ መመለስ የለበትም።

ስለ ጉበቱ። አጉል አስደነገጠህ እንጂ ቃሉን ከሜዳ አላመጣውም። አኩፕሬሸርና አኩፓንቸር አንድ ካርታ ነው ያላቸው፣ እዚያ መርፌ ነው፣ እዚህ ጣት ነው። ካርታው የድሮ ቻይናውያን ነው። "ቺ" የሚሉት ጉልበት በ12 ዋና ዋና መስመሮች ይፈሳል ይላሉ፣ መስመሮቹም የሳንባ፣ የልብ፣ የጉበት እየተባሉ በአካል ስም ተሰይመዋል። በጀርባና በፊት በኩል መሃል ለመሃል የሚሄዱት 2 መስመሮች ሲጨመሩ በጠቅላላው 361 ነጥቦች ይቆጠራሉ። በዚህ አነጋገር "ጉበት" ማለት አልትራሳውንድ ላይ የሚታየው ጉበት አይደለም። ንዴትን፣ እንቅልፍን፣ የጅማት መወጠርን አንድ ላይ የሚጠራ የወል ስም ነው ብለህ ውሰደው። እኔን ያስተማሩኝ ሰዎች ደጋግመው ያሉኝ ነገር ቢኖር ይሄ ነው፣ ሰው ፊት "ጉበትህ ታሟል" አትበል፣ ደንግጦ ላቦራቶሪ ይሮጣል። አንተም ይኸው።

እቤትህ ስለመሥራት ከሆነ፣ በደንብ ትችላለህ።

የእጅ አንጓህን ነጥብ ላሳይህ፣ "ኔይጓን" ትባላለች። መዳፍህን ወደ ላይ አዙር። እጅህ ከክንድህ የሚገናኝበት እጥፋት አለ አይደል? እጥፋቱ ላይ የሌላኛውን እጅህን ሦስት ጣቶች፣ ሌባ ጣትን፣ መሃል ጣትንና የቀለበት ጣትን፣ ገጥመህ አጋድማቸው። ጣቶችህ ካበቁበት ጠርዝ ላይ፣ በሁለት ጅማቶች መሃል፣ ጎድጎድ ያለች ቦታ ታገኛለህ። ጅማቶቹ አልታይ ካሉህ ጨብጥና እጅህን ትንሽ ወደ ራስህ እጠፈው፣ ብቅ ይላሉ። ጣቶቹ የራስህ መሆን አለባቸው፣ የእኔ ጣት አንተን አይለካህም። ቻይኖቹ ለዚህ "ጹን" የሚሉት መለኪያ አላቸው፣ እሱም የሰውየው የራሱ አውራ ጣት ስፋት ነው፣ ለግዙፉም ለቀጭኑም ለየራሱ።

አሁን አውራ ጣትህን እዚያች ጎድጓዳ ላይ አሳርፍ። አትውጋት። አትፈትጋት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ በጠነከረ ቁጥር የሚሠራ ይመስለዋል። ትንፋሽህን ስታወጣ ቀስ ብለህ ግባ፣ ስታስገባ ላላ አድርግ፣ ግን ጣትህን አታንሳ። አምስት ስድስት ትንፋሽ ይበቃል። ሕመሙ ከ10 ብትሰጠው ከ5 ካለፈ በዝቷል። ፊትህ ከተኮማተረማ ዘና ማለቱ ቀርቶ ትግል ሆኗል ማለት ነው። ጥፍርህንም ቁረጥ፣ ይሄን የሚናገር የለም።

ቅንድብ መሃል ያለችው "ዪንታንግ" ትባላለች። እሷን መጫን እንኳ አይባልም፣ የጣትህ ክብደት ብቻ ያርፍባታል። አይንህን ጨፍነህ ሁለት ደቂቃ። የትከሻዋን ደግሞ በተቃራኒው እጅህ መሃል ጣት ተንጠላጠልባት፣ ክርንህ በራሱ ክብደት ወደ ታች ይጎትታታል፣ ጉልበት ማውጣት የለብህም። አጥንት ላይ ግን በፍጹም፣ ሥጋው ላይ ብቻ።


ማስረጃው_የታለ

እኔ በቺም በመስመርም የማላምን ሰው ነኝ። ግን ጠያቂው ያነሳው ነገር ደስ ስላለኝ ልመልስ፣ "እጁን ልመን ወይስ አፉን" ብሏል። እጁን እመን። አፉን ተወው።

አስከሬን ተከፍቶ፣ በማይክሮስኮፕ ታይቶ፣ ሜሪዲያን የሚባል ቱቦ፣ ማለትም ያ ቺ ይፈስበታል የሚባለው መስመር፣ አልተገኘም። ይሄ ማለት ግን ስትጫን ምንም አይሆንም ማለት አይደለም። ጉልበትህን ጠረጴዛ ሲመታህ ወዲያው በእጅህ የምታሸው ለምንድነው? በ1965 እንደ ፈረንጆቹ ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ለዚህ "የበር ንድፈ ሐሳብ" የሚባለውን አቀረቡ። የመነካትና የመጫን ስሜት ይዘው የሚሮጡት ነርቮች አከርካሪ ላይ ደርሰው ለሕመሙ በሩን ያጠቡበታል የሚል ነው። ከዚያ ወዲህ ዝርዝሩ ብዙ ታርሟል፣ ዋናው ሐሳብ ግን እስካሁን ጸንቷል። በዚያ ላይ ቀስ ብለህ ትንፋሽ ስታወጣ የልብ ምትህ ዝግ ይላል፣ ፍሬን የሚይዘው የነርቭ ክፍል ነው የሚሠራው። በዚያ ላይ ጨለም ያለ ክፍል፣ ስልክ የለም፣ አለቃ የለም፣ የሚጠይቅህ የለም፣ አንድ ሰው ሙሉ ሐሳቡን ሰብስቦ አንተ ላይ አድርጓል። በምን ሒሳብ ነው የማትተኛው?

ጥያቄው "ነጥቡ ራሱ ልዩ ነው ወይ" የሚለው ነው። ይሄን ለማወቅ ተመራማሪዎች አንዱን ቡድን ትክክለኛው ነጥብ ላይ ይጫናሉ፣ ሌላውን ቡድን እንዲያው ትርጉም የሌለው ቦታ ላይ፣ የውሸት ነጥብ ላይ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚታየው ሁለቱም ቡድኖች ሲሻላቸው ነው፣ ልዩነቱ ጠባብ ይሆናል። ደግሞ የሚጫነው ሰው የትኛው እውነተኛ እንደሆነ ያውቃል፣ የውሸት ክኒን ሰጥቶ እንደመደበቅ ቀላል አይደለም። ለእንቅልፍና ለጭንቀት የተሠሩት ጥናቶች አብዛኞቹ ትናንሾች ናቸው፣ እኔ ቤት አልሠራባቸውም።

አንድ ነገር ግን ፍርድ አላጓድልም። ከላይ የተጠቀሰችው የእጅ አንጓ ነጥብ ለማቅለሽለሽ የተሻለ ማስረጃ አላት። ኮክሬን የሚባለው ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝን ድርጅት እንደ ፈረንጆቹ በ2015፣ 59 ጥናቶችን አንድ ላይ አይቶ፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለሚመጣ ማቅለሽለሽና ማስመለስ ከውሸት ነጥቡ የተሻለች ሆና አግኝቷታል። ከእነዚያ ውስጥ በመርፌ የተሠሩም በኤሌክትሪክ የተሠሩም አሉ፣ ሁሉም ጣት አይደሉም። እኔ ይሄን ሳነብ ትንሽ ተናድጄ ነበር፣ እውነቴን ነው።


ጣት_ብቻ

@ማስረጃው_የታለ ተናደድክም አልተናደድክም ጽፈኸዋል፣ አከበርኩህ 😄 እኔም ቱቦ አለ ብዬ አልከራከርህም። ካርታው ለእኔ እጄን የት እንደማሳርፍ የሚነግረኝ ነገር ነው። እንቅልፍህ እንዴት ነው፣ ስትቀመጥ እንዴት ነህ፣ ትንፋሽህ ደረትህ ላይ ነው ሆድህ ላይ እያልኩ ከሰው ጋር ወሬ የምጀምርበት ነው። "ሁለንተናዊ ሕክምና" የሚባለው ይሄ እንጂ ሁሉን የሚያድን ማለት አይደለም፣ ቃሉን አበላሽተውታል።


የሌሊት_ነርስ

ተረኛ ነኝ፣ አጠር አድርጌ።

ጠያቂው፣ የደም ግፊት ክኒን ድንገት ሲቆም ግፊቱ ተመልሶ ከበፊቱ በላይ ሊዘል ይችላል፣ አንዳንዶቹ መድኃኒቶች ላይ በተለይ። ግፊት ደግሞ አይታወቅም። ዘና ብሎህ፣ ተኝተህ ተነስተህ፣ ሰላም ነኝ እያልክ 180 ልትሆን ትችላለህ። ስሜትህን አትመን፣ መለኪያውን እመን። ክኒን የሚቀነስ ከሆነ ያዘዘልህ ሐኪም ይቀንሰዋል።

እዚህ የምታነቡ ሌሎችም፣ ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ ካላችሁ ጠንካራ ጫና ተዉ፣ አንድ ጊዜ ክንዷ ከላይ እስከ ታች ወይን ጠጅ መስሎ የመጣች እናት ገጥማኛለች፣ "ቀስ ብሎ ነው የነካኝ" ትላለች። አጥንታችሁ የሳሳ ከሆነም እንደዚያው። አንደኛው ባታችሁ ብቻ አብጦ፣ ሞቆ፣ ሲነካ የሚያም ከሆነ ደግሞ ማንም እንዳያሸው፣ ማንም! የረጋ ደም ሊሆን ይችላል፣ በቀጥታ ሐኪም ቤት። ቁስል ላይ፣ ያበጠ ደም ሥር ላይ አይጫኑም። አንገት ፊት ለፊት በግራና በቀኝ ትር ትር የሚለውን ቦታ ሁለቱንም በአንዴ መጫን ሰው ይጥላል፣ በቀልድም አትሞክሩት።

ራስ ምታትን በተመለከተ፣ የጠያቂው ዓይነት ከሰዓት እየመጣ የሚሄድ ውጥረት አንድ ነገር ነው። ድንገት እንደ ፍንዳታ የሚመጣ፣ ወይም ከትኩሳትና ከአንገት መገተር ጋር፣ ወይም ምላስ ሲተሳሰር፣ አንድ ጎን ሲዝል፣ አይን ሲጋረድ፣ ያኔ ነጥብ መፈለግ የለም። ደረት ላይ ተጭኖ ወደ ክንድ የሚወርድ ሕመምም በጣት አይነካም።

ሌላው ሁሉ ደህና ነው። እኔ ራሴ ከፈረቃ ስወጣ የውስጥ እግሬን እየተጫንኩ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ።


ሰባት_ወር

ይቅርታ በሌላ ሰው ጥያቄ ገባሁ። እኔ ነፍሰ ጡር ነኝ፣ 7ኛ ወሬን ይዣለሁ። እህቴ ራስ ምታት ሲይዘኝ አውራ ጣትና ሌባ ጣት መሃል ያለውን ሥጋ ትጫንልኛለች፣ ደስ ይለኛል። አሁን የሆነ ቦታ ለነፍሰ ጡር ክልክል ነው የሚል አይቼ ፈራሁ። ልጄን ጎድቼው ይሆን?


ጣት_ብቻ

እህቴ አትደንግጪ። ነጥቧ "ሄጉ" ናት። በእኛ ሙያ ሦስት ቦታዎችን ነፍሰ ጡር ላይ አንነካም፣ እሷን፣ የትከሻዋን አናት፣ እና ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት አራት ጣት ከፍ ብላ ያለችውን። ምጥ ይጠራሉ የሚል የቆየ እምነት አለ። የምር ምጥ እንደሚያመጡ በጥናት በግልጽ አልታየም፣ እንዲያውም ምጥ እንዲመጣላቸው ፈልገው በሞከሩት ላይ እንኳ ግልጽ ውጤት አልታየም። ስለዚህ እስካሁን ባደረግሽው አትጨነቂ፣ ግን ለምን ትሞክሪዋለሽ፣ እህትሽ የማጅራትሽን ጡንቻ በቀስታ ትያዝልሽ።


የሌሊት_ነርስ

ልጨምርበት። በ7ኛ ወር ራስ ምታት ሲደጋገም የመጀመሪያው ሥራ ግፊትሽን መለካት ነው እሺ? አይንሽ ላይ ብልጭ ብልጭ ካለ፣ ፊትሽና እጅሽ ካበጠ፣ ወይም ከጎድንሽ ሥር በስተቀኝ ካመመሽ ዛሬውኑ ሂጂ። ቀጠሮ አትጠብቂ።


ሰባት_ወር

እሺ እህቴ፣ ነገ ጠዋት እለካለሁ። አመሰግናለሁ ሁለታችሁንም።


ምንጣፉ_ላይ

ስለዚያ ለአኩፕሬሸር ተብሎ ስለሚሸጠው እሾሃማ የፕላስቲክ ምንጣፍ ማንም አላነሳም? እኔ ጀርባዬን ራቁቴን ተኛሁበት፣ የመጀመሪያዎቹን 3 ደቂቃዎች የገዛሁበትን ቀን ረገምኩ፣ ከዚያ ጀርባዬ ሞቀኝ፣ ከዚያ ተኛሁ። ባለቤቴ ስትቀሰቅሰኝ ጀርባዬ የወንፊት ማተሚያ መስሎ ነበር። በስስ ቲሸርት ጀምሩ ነው ምክሬ። ሌላ የማውቀው ነገር የለም።


ማስረጃው_የታለ

የወንፊት ማተሚያ 😂😂


ትከሻዬ_ድንጋይ

ከ3 ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ፣ አልጠፋሁም።

ክኒኔን አልነካሁም። ሰውዬው ጋ አንድ ጊዜ ብቻ ተመለስኩ። ገና ሳልተኛ "ጣትህን ወድጄዋለሁ፣ ስለ መድኃኒቴ ግን ሁለተኛ እንዳታነሳብኝ፣ ስለ ጉበቴም" አልኩት። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። "እሺ" አለ፣ ሥራውን ሠራ፣ ዝም ብሎ። ያን ቀን እንዲያውም የበለጠ ዘና አልኩ፣ ምን እንደሚለኝ እየጠበቅኩ ስላልተወጠርኩ መሰለኝ። በሳምንት 3 ጊዜ ግን አልሄድም፣ ሲያሰኘኝ እሄዳለሁ።

እቤት ደግሞ ማታ ማታ የእጅ አንጓዬንና የቅንድቤን መሃል እሠራለሁ። በማስታወሻ ደብተር ስጽፈው ነበር፣ ማስረጃው_የታለ ደስ ይበለው ብዬ። ከ21 ሌሊት 13ቱን ቶሎ ተኝቻለሁ። ከዚያ በፊት አልጻፍኩም፣ ስለዚህ ከምን ጋር እንደማወዳድረው አላውቅም፣ ይሄን ሳልነገር ራሴ ደረስኩበት 😅 ስልኬንም በዚያው ሌላ ክፍል መተው ስለጀመርኩ ጣቱ ይሁን ስልኩ እግዜር ይወቀው። አንድ ማታ ልጄ "እኔ ልጫንልህ" ብላ አውራ ጣቷን ግንባሬ ላይ አስቀመጠች፣ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ "ተኛህ?" "አሁንስ?" "አሁንስ?" እያለች አላስተኛችኝም።

የ9 ሰዓቱ ራስ ምታት ቀንሷል፣ ግን ኮምፒውተሬን በመጽሐፍ ከፍ አድርጌ ወደ አይኔ ትይዩ ካመጣሁት ወዲህ ነው ይበልጥ የቀነሰው።

አንዲት ጥያቄ ቀረችኝ። የትከሻዋን ነጥብ በእጄ እደርስባታለሁ፣ ከትከሻ አጥንቴ ውስጠኛ ጠርዝ ዝቅ ብላ ያለችውን ግን እጄ አይደርስም፣ ሰውዬው እሷን ሲይዛት ነው ነፍሴ የምትመለሰው። ምን ላድርግ?


ጣት_ብቻ

የቴኒስ ኳስ። ረጅም ካልሲ ውስጥ ክተተውና የካልሲውን ጫፍ በትከሻህ ላይ አሳልፈህ በእጅህ ያዝ፣ ያለበለዚያ እየወደቀ ሲያስጎነብስህ ይውላል። ጀርባህን ለግድግዳ ስጥ፣ ኳሱ በአከርካሪህና በትከሻ አጥንትህ መሃል ይሁን፣ አከርካሪው ላይ እንዳይወጣ። ከዚያ ጉልበትህን ትንሽ አጠፍ አድርገህ ተደገፍበት፣ ስትፈልግ ከፍ፣ ስትፈልግ ዝቅ። ስታገኛት አንተው ታውቃታለህ።


ትከሻዬ_ድንጋይ

አሁን እየሞከርኩት ነው። አገኘኋት። ኧረ እናቴን